በሙሉዎችና በባዶዎች መካከል

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ካርቲየ 6 ከሚባለው ሰፈር ጀርባ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ወንዝ ከሚሆነው ደረቅ አሸዋ ዳር፣ አንድ የኳስ ሜዳ አለ። ሜዳ ያልኩት ስለምንጫወትበት እንጂ ሣርም መስመርም ኖሮት አይደለም። መሬቱ ጠጠር የበዛበት አቧራ ነው። ግቦቹም ያረጁ የከባድ መኪና ጎማዎች በየጫፉ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ የጁምዓ ጸሎትም ሳይደርስ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱ የአገሬ ልጆች፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች፣ እዚያ ይጫወታሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ለብዙ ዓመታት ተጫውቻለሁ። ስንት ዓመት እንደሆነ ከባለቤቴ ጋር አንስማማም፤ እኔ የምለው ቁጥር እሷ ከምትለው ሁልጊዜ ይበልጣል። ምናልባት ትክክሏ እሷ ትሆናለች። ሰው የወደደውን ነገር ሲያስታውስ ዘመኑን እንደሚያስረዝም በራሴ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሹፌሮቹ ቡድን የሚከፍሉት በሌላ በየትኛውም ሜዳ ባላየሁት መንገድ ነው። መኪናቸው ተጭኖላቸው ወደ አገር ለመውጣት የተዘጋጁት በአንድ ወገን ይሆናሉ፤ እነሱ ሙሉዎች ይባላሉ። ገና ወርደው፣ መኪናቸው ባዶ ሆኖ የወደብ ተራ የሚጠብቁት በሌላው ወገን ይሰለፋሉ፤ እነሱ ባዶዎች ናቸው። በዚህ የተነሳ ቋሚ ቡድንም ቋሚ ቂምም የለም። ባለፈው ዓርብ ቁርጭምጭሚትህን የመታህ ሰው ዛሬ ኳስ ያቀብልሃል። አጨዋወታቸውም ይለያያል። ሙሉዎች ማታ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግራቸውን ይሳሱለታል፤ ኳሱን በአጭር በአጭሩ ይቀባበላሉ። ባዶዎች ግን ተራ መጠበቅ ያንገፈገፋቸው ሰዎች ናቸውና ንዴታቸውን ሁሉ ይዘው ነው ሜዳ የሚገቡት።

እኔ መኪናም ጭነትም አልነበረኝም። ሥራዬ የትራንዚት ሥራ ነው፤ የእነሱን ጭነት ከወደብ የሚያስወጣውን ወረቀት እጨርሳለሁ፣ ቤቴም ካርቲየ 5 ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሰጡኝ ሰው ለጎደለው ወገን ነበር። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር መሰለኝ። በኋላ ግን በሁለቱ መካከል መሆኔን ወደድኩት፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁኝ፣ ሁለቱም የሚሰድቡኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጨዋታው ሁሉ የምወደው ግብ ማግባትን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለትምህርት ክፍላችን ስጫወትም እንደዚያው ነበርኩ። የምወደው ባዶ ቦታ አይቼ ከኳሱ በፊት እዚያ መድረስን ነበር። አንድ ሰው ኳሱን ገና ሳይመታው ወዴት እንደሚመታው ሲገባህ፣ ማንም ያላየውን ቦታ አይተህ ስትሮጥ፣ ለጥቂት እርምጃ ያህል ብቻህን ነህ፤ ከዚያም ኳሱ ይመጣና ትክክል መሆንህን ይነግርሃል። በመጻሕፍትም በሥራም ያላገኘሁት ደስታ ነው። ይህን የምጽፈው ለማሳመር አይደለም፤ በኋላ ያጣሁት ምን እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

የወደቅኩበትን ቀን ከሁሉም አብልጬ ላስታውሰው የሚገባኝ ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ የምጠራጠረው ግን እሱን ነው። ሙቀቱ መጠንከር የጀመረበት ወቅት ነበር። ለባዶዎች ተሰልፌ ነበር። እኔ እንደማስታውሰው ከግራ በኩል ረጅም ኳስ ተሻገረ፣ እኔም ከተከላካዩ ጀርባ ያለውን ቦታ አይቼ ሮጥኩ። መሃል ላይ ልቤ መምታቱን ትቶ መንቀጥቀጥ የጀመረ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊቴ አጠገብ የቆመ፣ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ የአንድ ሰው ነጠላ ጫማ።

ጫማው የጎሚስታው ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። ጎሚስታው የካርቲየ 6 ተወላጅ ነው፤ ጎማ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቁ ከሜዳው ብዙም አትርቅም። የግቦቹ ጎማዎችም የእሱ ናቸው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አማርኛን ከሹፌሮች የተማረ፣ ሁልጊዜ ከባዶዎች ወገን በረኛ የሚሆን ሰው ነው፤ ሥራው ባዶ ጎማ መሙላት ስለሆነ የእነሱ ወገን ነኝ ይላል። በኋላ ስለ ጫማው ስጠይቀው ሳቀብኝ።

«ዋርያ፣» አለኝ፤ በሱማሌኛ ‹ስማ አንተ› እንደማለት ነው፤ «እኔ በሽቦ የተጠገነ ጫማ አላደርግም። ደግሞ ኳሱ ውጪ ነበር። አንተ በእጅህ ልትወረውር ስትሄድ ነው የወደቅከው።»

«እየሮጥኩ አልነበረም?»

«እየተራመድክ። እንዲያውም እያዛጋህ።»

የሚያስታርቀን ሰው ፈልጌ ነበር። ግን የዚያን ቀን ያዩኝ ሹፌሮች ገሚሱ በዚያው ዕለት ማታ ጭነው ወጥተዋል፤ የቀሩትም በየተራቸው ተበተኑ። በኋላ ሆስፒታል ያከመችኝ ሐኪም ደግሞ ራስን ከመሳት በፊት ያሉ ደቂቃዎች ከአእምሮ ሊጠፉ እንደሚችሉ፣ አእምሮም ክፍተቱን በሌላ ቀን ነገር ሊሞላው እንደሚችል ነገረችኝ። እየሮጥኩ ወደቅኩ ማለት ስለሚያምርልኝ ሳይሆን አይቀርም እንዲህ የማስታውሰው።

ልቤ ሥርዓቱን አጥቶ እንደሚመታ፣ ጡንቻውም እንደደከመ ሆስፒታል ተነገረኝ። ደሜ በልቤ ውስጥ እንዳይረጋ የሚያቀጥነው ኪኒን ታዘዘልኝ፤ የሚያስከትለው ነገርም በፈረንሳይኛ ቀስ ተብሎ ተብራራልኝ። ደሙ ከቀጠነ ማንኛውም ብርቱ ምት፣ በተለይም ጭንቅላት ላይ፣ ውስጥ ለውስጥ ሊያደማኝ ይችላል። ሐኪሟ ወጣት፣ ቃሏን የምትመርጥ ሴት ነበረች። መሮጥ እንደሌለ፣ መጋጨትም እንደሌለ፣ መራመድ ግን እንደሚጠቅመኝ ነገረችኝ። ስለ ኳስ ስጠይቃት፣ «ያለ ሩጫና ያለ ግጭት የሚጫወቱት ኳስ ካለ ይጫወቱ» ያለችኝ ይመስለኛል። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። እሷ እንደምትለው ሐኪሟ ያለችው «ኳሱን ይተውት» ብቻ ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ስትከፍት የቆመው የኮምቦልቻው ሹፌር ነበር። በሜዳው ላይ ከሁሉም አብልጬ የምግባባው እሱ ነው፤ ከእኔ በብዙ ያንሳል፣ ሙሉዎች ሲሰለፉ አምበላቸው ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ፓፓያ እየላጥኩ ነበር። ድምፁ ግን ይሰማኛል።

«ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እትዬ» አለ።

«ምን ሆንኩና?» አለችው ባለቤቴ።

እኔም ፓፓያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሲያየኝ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደና ግድግዳውን ያዘ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ እኮ ቀብረንህ ነው የመጣነው።»

«የት ቀበራችሁኝ?»

«ሚሌ ነው የሰማነው። ምሳ ሳንበላ ተነሳን።»

«አስከሬን ሳታዩ?»

«በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ ተባለ።»

«እኔስ?» አለች ባለቤቴ።

«አንቺም አብረሽ ሄደሻል፤ ተመልሰሽ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት። ‹ምስኪን፣ ብቻዋን እንዴት ቻለችው› እያልን ነበር።»

ባለቤቴ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ አድርገነው ነገሩ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረን። የዚያን ዕለት ማታ የወጣው የመጀመሪያው ሹፌር ‹ወደቀ› ብሎ ነበር የተናገረው። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ሲጠባበቁ ‹ሆስፒታል ነው፣ አይናገርም› ሆነ። ሚሌ ሲደርስ ሞቼ ነበር። ወሬ በዚያ መንገድ የሚሄደው በመኪና ፍጥነት ነው፤ ከደረሰ በኋላ የሚያርመው ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ እውነት ሆኖ ይቆያል።

ከሚሌ የወረዱት ሹፌሮች በሚቀጥለው ዓርብ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ለእኔ የሕሊና ጸሎት አድርገዋል። ጎሚስታው፣ በሕይወት መኖሬን የሚያውቀውና ሆስፒታል ድረስ ሙዝ ይዞልኝ የመጣው ሰው፣ ግቡ ላይ አንገቱን ደፍቶ አብሯቸው ቆሟል። ነገሩን ስጠይቀው አላፈረበትም።

«ሁሉም ሲቆም ቆምኩ» አለ። «ማን እንደሞተ አልጠየቅኩም። የሹፌር ሞት መቼ ይጠፋል?»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ያ መንገድ ስንት ሰው እንደበላ እኔም ከምይዘው ወረቀት አውቃለሁ፤ ጭነቱ ሲጓደል፣ የሹፌሩ ስም ሲቀየር። እኔ ባልሞትኩበት የቆሙት ሰዎች ሌሎች ብዙዎችንም እያሰቡ እንደቆሙ ገባኝ፣ በሞቴ ወሬ ለመሳቅም ከዚያ በኋላ አቅም አነሰኝ።

ወደ ሜዳው የተመለስኩት ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ተመልካች ሆኜ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓርብ ባዶዎች ሰው ጎድሏቸው ነበርና ‹ግባ፣ ቁም ብቻ› አሉኝ። ገባሁ። ኳሱ እግሬ ሥር መጣ። በፊት ከኋላ ሸሚዜን እየጎተተ መተንፈሻ ያሳጣኝ የነበረ አንድ ጎልማሳ ሹፌር ወደ ጎን ፈቀቅ አለና «ይለፉ ጋሼ» አለኝ። አንተ ይለኝ የነበረ ሰው ነው። ሌላውም ፈቀቅ አለ። እየተራመድኩ፣ ኳሱን በእርጋታ እየገፋሁ፣ ሜዳውን አቋርጬ ግቡ ፊት ደረስኩ። የዚያን ቀን ሙሉዎች ግብ ላይ የቆመው የኮምቦልቻው ሹፌር ነበር፣ በረኛቸው ጭኖ ስለወጣ። ኳሱን ወደ ግራ ገፋሁት፤ እሱ ወደ ቀኝ ወደቀ። ሆን ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ልብሱን እንዳያቆሽሽ ተጠንቅቆ ወደቀ። ሁሉም አጨበጨቡ።

በሕይወቴ ካገባኋቸው ግቦች ሁሉ አንዲት ሳትጎድል፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ የማስታውሰው ያንን ነው። የነፋሱን አቅጣጫ፣ ሽቦ ላይ የተደረደሩትን ቁራዎች፣ የጭብጨባውን ርዝመት ሳይቀር። እውነተኞቹ ግቦች ጠፍተውብኝ እሱ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ቀረሁ። ዓርብ ጠዋት ሲሆን ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ በባሕሩ ዳር እራመድ ነበር። ባለቤቴ አብራኝ ትወጣ ነበር፤ ስለ ኳሱ አታነሳብኝም፣ እኔም አላነሳባትም። መራመዱ ልቤን እንደጠቀመው አልጠራጠርም። ግን በየእርምጃው በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ምን እየሆነ እንዳለ እገምት ነበር፦ ማን ጎደለ፣ ማን ተተካ። ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ መሮጥ ያቆመ ሰው ተጫዋች መባል ይችላል ወይስ ሌሎች በደግነት የሚያሳልፉት እንግዳ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ቤቴ መቅረት ይሻለኛል ብዬ ወስኜ ነበር።

የኮምቦልቻው ሹፌር እንደገና ሲወርድ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ካርቲየ 7 ወዳለች አንዲት ሻይ ቤት ወሰደኝ። ጎሚስታው ቀድሞን ተቀምጦ ነበር። መክረው እንደመጡ ገባኝ።

«ለምን ቀረህ?» አለኝ ሹፌሩ ገና ስኳሩን ሳያማስል።

«ስለምታዝኑልኝ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ? እንምታህ?»

«እኔ አልመታውም» አለ ጎሚስታው። «ሚስቱን እፈራለሁ።»

«ያንን ግብ እንዳገባ ለምን ተውከኝ?» አልኩት ሹፌሩን።

ስኳሩን አማሰለ። «ደስ ይልሃል ብዬ» አለ። «ሲያስጠላህ ግን ወዲያው አየሁት። ስነሳ ፊትህን አየሁት።»

ከውጭ ጫት የምትሸጥ ሴት ጠረጴዛዋን በእርጥብ ጆንያ እየሸፈነች ጫቱ የሚደርስበትን ሰዓት ትጠብቃለች።

«እየው ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ነዳጅ የጫነ ቦቴ መንገድ ላይ ስናገኝ እንርቀዋለን። አዝነንለት ነው? አይደለም። እሱ ከነደደ እኛም አብረን እንቃጠላለን። ግን መንገዱን ለቀንለት ገደል አንገባም። ቦቴም ቢሆን ኬላ ላይ ይቆማል፣ ወረፋውን ይጠብቃል። አንተን እንደ ቦቴ እንያዝህ።»

«ማለት?»

«ማንም ክንዱን ዘርግቶ እስከሚደርስብህ ድረስ አይጠጋህም። ኳሱን ከእግርህ ሥር አይነጥቅህም። ያቀበልከውን ግን መንገድ ላይ የቀደመ ይወስዳል።»

ጎሚስታው ጣቱን አነሳ። «ቆይ። ሰው የማይጠጋው ከሆነ እየተራመደ መጥቶ ግቤ ላይ ቢመታ እኔ ምን በደልኩ?»

«ግብ ላይ አልመታም» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። «እናንተ ስትርቁኝ እኔም አንድ ነገር መተው አለብኝ። አለበለዚያ ያው ምጽዋት ነው። ግብ ላይ አልመታም፤ አቀብላለሁ ብቻ።»

«ኳሱን ይዘህ ቆመህ ብትቀርስ? እንደ ዛፍ?» አለ ጎሚስታው፤ ነገሩ እየጣመው ነበር።

«ብዙ ከያዘ ሳል እንጂ አንተ። ስትስል ኳሱን ይልቀቅ» አለ ሹፌሩ።

«ብሮጥስ?» አልኩ።

«ቅጣት ምት» አሉ አንድ ላይ። ጎሚስታው ጨመረ፦ «ከሜዳ ውጪ ያለውን ቅጣት ደግሞ ሚስትህ ታውቃለች።»

ባለቤቴን ማሳመን ከዚህ ይከብድ ነበር። ሕጉን ዘርዝሬ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሐኪሟ ከአፏ ካልነገረችኝ አልቀበልም» አለች። «አንተ የምታስታውሰው የምትፈልገውን ነው።» ይህን በቁጣ አላለችውም። እኔም አልተከራከርኳት፣ ስለ ራሴ የደረስኩበት ድምዳሜ ከእሷ የተለየ አልነበረምና።

አብረን ሄድን። ሐኪሟ የቦቴውን ሕግ በትዕግሥት አዳመጠች፣ የሜዳውን ስፋት፣ የሰዓቱን ሙቀት፣ የኳሱን ክብደት ጠየቀች። ኳስ በጭንቅላት መንካት ፈጽሞ እንደማይሆን ተናገረች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«ሌሎቹ ሕጉን ያከብራሉ ብለው ያምናሉ?»

«ሹፌሮች ናቸው» አለች ባለቤቴ። ሐኪሟ ምን እንደተረዳች አላውቅም። በጠዋት ብቻ፣ በቀዝቃዛው ወቅት ብቻ፣ ልቤ መዛባት ሲጀምር በዚያው ቅጽበት ከሜዳ እንድወጣ አዝዛ ፈቀደች። ባለቤቴ ሦስቱንም ቃል በቃል ይዛቸዋለች፤ እኔ ስጠራጠር እሷን እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። አዲስ የወረደ ሹፌር ሕጉን ሳያውቅ ሲመጣብኝ ሜዳው ሁሉ «ቦቴ!» ብሎ ይጮህበታል፤ እሱም ፍሬን እንደያዘ ጎማ አቧራ አስነስቶ ይቆማል። ከእነሱ ይልቅ ሕጉን ያፈረስኩት ግን እኔ ነበርኩ። ባዶ ቦታ ሳይ እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ይነሳል። ጎሚስታው ከግቡ ሆኖ «ሮጠ!» ሲል ቅጣት ምት ይሰጥብናል፤ የራሴው ወገን ሰዎችም «ኧረ ተው ቦቴ፣ ልታስጨርሰን ነው?» ይላሉ። እፍረቱ ከጭብጨባው እፍረት የተለየ ነበር። ይህኛውን ይዤ ቤቴ መግባት እችል ነበር።

ያጣሁትን ግን በሕግ አላስመለስኩትም፣ እንዳስመለስኩት አድርጌም መጻፍ አልፈልግም። ባዶውን ቦታ ዛሬም አያለሁ፤ ምናልባት ከበፊቱ የተሻለ አያለሁ። ግን አልደርስበትም። ሌላ ሰው እንዲደርስበት ኳሱን ልኬ እቆማለሁ፤ እሱም ካላየው ኳሱ ለብቻው ሄዶ የወንዙ አሸዋ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ዓርብ ጨዋታው ሳይጋመስ ልቤ ይዛባና እወጣለሁ፤ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ማንም መጥቶ ‹ምን ሆንክ› አይለኝም። መጀመሪያ ይህን እንደ ቸልታ ቆጥሬው ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም፤ ተጠባባቂ ተጫዋችንም ማንም ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅም።

የምተርከው የመጨረሻው ቀን ቀዝቃዛው ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። ሙሉዎች ሰው ጎድሏቸው ለእነሱ ተሰለፍኩ። የኮምቦልቻው ሹፌር ጭኖ ጨርሷል፣ ማታ ይወጣል። እኩል ለእኩል ነበርን፤ ፀሐይዋም ጨዋታው ማብቃት እንዳለበት እያስታወቀችን ነበር። ኳሱ ወደ እኔ መጣ። ሹፌሩ በቀኝ በኩል ሮጦ ወጣ፤ እጁን አንስቷል። ቦታው ክፍት ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ። ጎሚስታው ሊስል አፉን ሲከፍት ኳሱን ገፋሁለት። ከባዶዎች አንድ ቀጭን ልጅ መሃል ላይ እግሩን አስገባና ኳሱን ይዞ ሄደ። እኔ የማልሮጥ ነኝ፤ ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ግብ ሆነ። ጨዋታውም በዚያ አለቀ።

ሹፌሩ ከሜዳው ጫፍ እየተራመደ መጣ። ክንድ እስኪቀር ድረስ ተጠጋኝና ቆመ፤ ሕጉን በንዴቱ መሃል እንኳን አልረሳውም።

«ምን ዓይነት ኳስ ነው ይሄ?» አለኝ። «እጄን አንስቼ ስለምንህ አላየኸኝም?»

«አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቀድመህ ወጣህ።»

«እኔ አልቀደምኩም። አንተ ዘገየህ። ኳሱን እግርህ ሥር ይዘህ ታስባለህ። እዚህ ምን ይታሰባል?»

ሁሉም ቃሉን እንዲያለሰልስ፣ ቢያንስ መጨረሻው ላይ ‹ጋሼ› እንዲል እየጠበቁ ነበር። እኔም እየጠበቅኩ ነበር፣ እንዳይል እየፈራሁ። አላለም። ውሃውን አንስቶ ጠጣ፣ ፊቱን በቲሸርቱ ጠረገና ወደ መኪና ማቆሚያው ከጓደኞቹ ጋር ሄደ። ጎሚስታው ጎማዎቹን እያስተካከለ ወደ እኔ ሳያይ፣ «በእርግጥ ዘግይተሃል» አለ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የላብ ልብሴን እየተቀበለች እንደ ልማዷ ፊቴን አጠናች። ልቤ ደህና ነበር።

«ተጣላህ?» አለችኝ።

«ተሸነፍን። በአንተ ነው ይሉኛል።»

«ነው?»

ምሳ እስኪቀርብ ጠረጴዛው ላይ አሳየኋት። የጨው ዕቃው እኔ፣ ብርጭቆው ሹፌሩ፣ የኪኒኑ ካርቶን ደግሞ ያ ቀጭን ልጅ ነበር። ብርጭቆውን በቀኝ በኩል ገፋሁት፤ ከዚያ የኳሱን መንገድ በጣቴ አሰመርኩ። ልጁ ከየት እንደመጣ ስደርስ ግን እርግጠኛ አልሆንኩም። ካርቶኑን መጀመሪያ ከብርጭቆው ኋላ አኖርኩት፤ ከዚያ አንስቼ በፊቱ አደረግኩት። በፊቱ ከነበረ ሳላየው ያቀበልኩ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከኋላው መጥቶ ከቀደመው የሹፌሩ።

«በየትኛው በኩል ነው?» አለች ባለቤቴ፤ ቆማ እያየች።

«ቆይ፣ ላስብ» አልኩ። ሹፌሩ በዚያን ሰዓት የጭነቱን ሸራ እያሰረ፣ ገመዱን እየወጠረ፣ እሱም ያንኑ ኳስ በልቡ እየመለሰ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ሲወርድ የምነግረውን ለማዘጋጀት ካርቶኑን እንደገና አነሳሁት።